ያለ ጫማ የማይከፈት በር

ትራንስፎርመር ሲግል የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። የተቃጠለ ላስቲክ አይደለም፤ ነገሩ ከመቃጠሉ በፊት ያለው ሽታ ነው፤ ቫርኒሽ፣ የሞቀ ብረት፣ ትንሽ አቧራ። ባለፈው ሳምንት ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር፣ የስልኬን ቻርጀር ላሠራ አንዲት ጠባብ የኤሌክትሪክ ጠጋኝ ሱቅ ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቢጫ ትራንስፎርመር እዝዝ እያለ ተቀምጧል። ሰውየው "ምን ሆንሽ?" አለኝ፤ ለካ ቆሜ ቀርቻለሁ። "ምንም" አልኩት። እግሬን እያየሁ ነበር።

አስር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከዚያ ሱቅ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮና በጣውላ በተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አባዬ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነበር፤ ከጃፓን የሚመጡ ያገለገሉ መኪናዎችን ወረቀት ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ያስጭናል። ታዲያ አንድ ጊዜ ከአንዲት ትንሽ ነጭ መኪና የኋላ ሳጥን ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር፣ የቪዲዮ ጨዋታ ማጫወቻ ከነካርቶኑ ተገኘ። ውስጡ አንድ መቆጣጠሪያና አንድ ዲስክ አለ። ባለመኪናው "እኔ ያዘዝኩት መኪና ነው፤ ይሄን ለልጅህ ውሰድላት" አለው።

ዕቃው የጃፓን ስለሆነ የእኛን መብራት አይችልም፤ እንዲሁ ቢሰካ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ትራንስፎርመር ተገዛለት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይግላል። ሲብስበት ቬንትሌተሩን ከእኛ ላይ አዙረን ለእሱ እንሰጠዋለን፤ እኛ በላብ ተነክረን እሱ ነፋስ ይቀበላል። እማዬ "ከሰው ይልቅ ብረት የሚከበርበት ቤት" ትለን ነበር።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በዚያ ወር አቅም ያለው ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሌላ ከእኛ ቀዝቀዝ ያለ አገር ይሸሻል። የቀረነው ካምሲን የሚባለውን ነፋስ ቁጭ ብለን እንቀበላለን። ከበረሃ የሚመጣ ነፋስ ነው፤ አሸዋውን በቆርቆሮው ቀዳዳ አስገብቶ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ይጥልልሃል። መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። የምንጫወተው ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ከሰዓት አባዬ ጫቱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ስለሚገባ ክፍሉም ቬንትሌተሩም የእነሱ ነው።

ያን ክረምት ቤታችን ሁለት እንግዳ ነበረው። አንደኛው ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ የአባዬ ወዳጅ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ። ፔካ 12፣ የጭነት መኪናዎች መቆሚያው ላይ፣ ከመኪናቸው ሲወርዱ ቀኝ እግራቸው ታጥፎ ተሰበረ። በጀሶ ታስረው እስኪድኑ እኛ ዘንድ ከረሙ። "ያን ሁሉ ገደል አልፌ ከገዛ መኪናዬ ደረጃ ወድቄ ልሰበር?" ይሉ ነበር፤ ከስብራቱ ይልቅ እሱ ነው የሚያማቸው።

ሁለተኛው ሰይድ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከወሎ፣ ከሐርቡ ወጣ ካለ ገጠር የመጣ። እናቱ ዘሀራ የእማዬ አብሮ አደግ ናት። ለእናቱ "ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ ይዣለሁ" ብሏታል። ሥራ የሚባል ነገር የለም። ሐሳቡ በኦቦክ ወደብ በኩል በጀልባ የመን ተሻግሮ ሳዑዲ መግባት ነው፤ ደላላው "ጠብቅ" ስላለው ጀልባ እስኪገኝ እኛ ቤት ይጠብቃል። እማዬንም ለዘሀራ እንዳትናገር አስምሏታል።

እማዬ በየቀኑ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር። "ነፋሱ ይለፍ። በዚህ ወራት ያ ባህር ሰው ይበላል። ጥቅምት ሲገባ ከፈለግህ እኔው ራሴ እሸኝሃለሁ።"

"እሺ እትዬ አስኔ" ይላታል። እሺ የሚላት ለአክብሮት እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር።

ባህር ሰው ይበላል ሲባል ጥርስ ያለው ነበር የሚመስለኝ። ጨዋታው ውስጥ ሁለመናው ውሃ የሆነ ኮከብ አለ፤ ከሥሩ አፍ ብቻ የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ይውጣል። ሦስት ጊዜ ገድሎናል። ስለዚህ እማዬ የምትናገረው ስለዚያ ነገር እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

የጨዋታው ጽሑፍ በሙሉ ጃፓንኛ ስለሆነ ስሙን አናውቀውም፤ "መርከቡ" ነበር የምንለው። አንድ የጠፈር መርከብ አለ፤ ውስጡ አራት ሰዎች አሉ፤ ከኮከብ ኮከብ ይሄዳሉ፤ በደረሱበት ከአውሬ ይጣላሉ፤ ከሰው ጋር ብዙ ያወራሉ፤ ተመልሰው ይሳፈራሉ። ለምን እንደሚሄዱ ዛሬም አላውቅም። ነጭ ጓንት የሚያደርግ አንድ ክፉ ሰው አለ። እሱም መናገር ከጀመረ የሚያስቆመው የለም፤ ጋሼ ደምሴ እሱ ሲመጣ "እናንተ ስሙት" ብለው ዓይናቸውን ይከድኑ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሰይድ መቆጣጠሪያውን እንደያዘ "ይሄን መርከብ መጨረሻው ሳላደርስ የትም አልሄድም" አለ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን እንደ መሐላ ያዝኩት። ሒሳቤ ቀላል ነበር፤ ጨዋታው ከረዘመ ሰይድ ይቆያል፤ ሰይድ ከቆየ ነፋሱ ያልፋል።

ስለዚህ የዚያን ጨዋታ ደግና ክፉ ስናገር ሌላ ሰው እንደሚናገረው አልናገርም። ክፉው ብዙ ነው። ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ስትሄድ ግማሽ ሰዓት ምንም ነገር አይሆንም፤ ጨለማና ነጠብጣብ ብቻ ነው። ኮከብ ላይ ወርደህ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ ውጊያ ይመጣል፤ እሱን ጨርሰህ ሦስት እርምጃ፣ ደግሞ ውጊያ። የደረስክበትን የሚመዘግበው ጣቢያ ላይ ስትቆም ብቻ ነው፤ መመዝገቢያው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ አዲሱ አሮጌውን ይሰርዘዋል። መብራት ከጠፋ የጠዋቱ ልፋት ሁሉ አፈር በላ። ሰይድ እንደዚያ ሲሆን ግንባሩን ይዞ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ይላል። እኔ አብሬው አዝናለሁ፤ በልቤ ግን ደስ ይለኛል። ኮምፓኒው ያን ጨዋታ የሠራው ለእኔ ብሎ ይመስለኝ ነበር።

ደግነቱም ነበረው። ሙዚቃው ደስ ይላል፤ አንዱን ጋሼ ደምሴ ሳያውቁት ያፏጩት ነበር። ኮከቦቹ የየራሳቸው ብርሃን አላቸው፤ አንዱ እንደ ማለዳ ነው፣ ሌላው መብራት ሊጠፋ ሲል የሚሆነውን ዓይነት ነው። መርከቡ ውስጥ ወጥ ቤት አለ፤ ከመውረዳቸው በፊት አራቱም ተቀምጠው ይበላሉ፤ ይሄን እማዬ ወዳላቸዋለች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የምታለብሳቸው ነገር እዚያው ላያቸው ላይ መታየቱ ነው። ከአራቱ አንዷ ሴት ናት፤ ስትመጣ የለበሰችው ልብስ ልብስ አይባልም። እማዬ በበሩ ስታልፍ አየቻትና "ይቺ ልጅ እናት የላትም?" አለች። ከዕቃው ውስጥ ፈልጌ ወፍራም ካፖርት አለበስኳት። እማዬ ተመልሳ አይታ "ጎሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሰውን ማልበስና ማስወለቅ የእኔ ሥራ ሆነ፤ መዋጋቱ የሰይድ፣ መንገዱ የጋሼ ደምሴ።

ጋሼ ደምሴ የሚነቅፉት ሌላ ነው። "ነዳጅ የማይቆጥር መኪና አይቼ አላውቅም" ይላሉ። "ሚዛን የለ፣ ኬላ የለ። ይሄ ሰውዬ ምን ጭኖ ነው የሚዞረው?"

"ሰው ነው የጫነው ጋሼ" ይላል ሰይድ።

"ሰው ከሆነማ አይነገርም" ብለው ይስቃሉ። ሰይድም ይስቃል። ደላላ ሰውን በጭነት መኪና እንደሚያመላልስ አላውቅም ነበርና ለምን እንደሚስቁ አልገባኝም።

ሰይድ ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረችው። በየጁምዓው ከሰላት መልስ አንድ ጊዜ ትጠራና ትዘጋለች። እናቱ ናት። እሱም አንድ ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋል። ሚስኮል ነው፤ ፍራንክ አይቆርጥም። የእሷ "አለህ?" ነው፣ የእሱ "አለሁ።" ውጊያ መሃል ከሆነ ስልኳን ወደ እኔ ይወረውርና "ቲጂ፣ መልሺላት" ይለኛል። አንድ ጊዜ አስጠርቼ እዘጋለሁ። ያች ሴት ሐርቡ ሆና እፎይ ስትል የምሰማት ይመስለኝ ነበር።

ወደ ነሐሴ መግቢያ ላይ መርከቡ አምስተኛ ሰው ተቀበለ። ረጅም፣ ጸጉሩ እንደ ብር የሆነ፣ አንዲት ከረጢት ብቻ የያዘ ሰውዬ። ስሙ የተጻፈው በቢጫ ነው፤ የአራቱ በነጭ። ሰይድ አንድ ጊዜ አይቶ "ይሄ እንግዳ ነው" አለ። "ራሱ መንገደኛ ስለሆነ አወቀው" አሉ ጋሼ ደምሴ።

እንግዳ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ማንም አልተከራከረም። ከውሃው ኮከብ አውሬ ሦስት ጊዜ ሞተን ያገኘነውን የወርቅ ልብስ ከዋናው ልጅ ላይ አውልቄ ለእንግዳው አለበስኩት። ጥሩውን ጫማ፣ ጥሩውን ሰይፍ ሰጠሁት። ዋናው ልጅ በካናቴራ ቀረ። "እሱ የቤት ልጅ ነው፤ ይችላል" አሉ ጋሼ ደምሴ።

ከአራት ቀን በኋላ አንድ በረዶ የሆነ ኮከብ ደረስን፤ ጣቢያው ላይ ቆመን አስመዘገብን። የመርከቡ በር ተከፈተ። እንግዳው ዞረና እጅ ነሳ፤ አንድ ነገር ተናገረና ወጣ። በዚያው ቀረ። የወርቁ ልብስ፣ ጫማው፣ ሰይፉ፣ ሁሉም አብሮት ሄደ። ወዲያው አንድ ትልቅ የበረዶ ፍጡር መጥቶ በካናቴራ ያለውን ልጃችንን በአንድ ምት ጣለው። ደግመን ሞከርን፣ ጣለው። አሥር ጊዜ ጣለው።

በኋላ፣ ካደግሁ ወዲያ፣ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ስነግራቸው ይስቃሉ። እንግዳ ከመሄዱ በፊት ይገፈፋል፤ ማንም ያውቀዋል፣ ይሉኛል። እኛ ቤት ይሄን የሚያውቅ አልነበረም። ቢያውቅም ጥሩውን ለእንግዳ ከመስጠት የሚመለስ አልነበረም። ሰይድም ጋሼ ደምሴም በሰውየው አልተቆጡም። "ሸኘነው እንጂ አልሰረቀንም" አሉ ጋሼ ደምሴ። ጥፋቱን የጣሉት በሠሪዎቹ ላይ ነው፤ ሰው ጥሩ ሠርቶ እንዴት ይቀጣል?

መመዝገቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ከመጀመሪያው ጀመርን። ሰይድ ተነፈሰ። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ብቻዬን ዘለልኩ።

ሁለተኛውን ዙር ቶሎ ሄድን፤ መንገዱን እናውቀዋለንና። ቶሎ መሄዱ ደግሞ ለእኔ አልተመቸኝም። እንግዳው ተሳፈረ፤ ያን ሁሉ ለበሰ፤ የበረዶው ኮከብ ዋዜማ ደረስን። ሰይድ ውሃ ሊቀዳ ወጣ ሲል መቆጣጠሪያውን ያዝኩና እንግዳውን አንድ በአንድ አስወለቅኩት። ሰይፉን፣ የራስ ቁሩን፣ ልብሱን፣ መጨረሻ ጫማውን። በነጭ ካናቴራ፣ በባዶ እግሩ መርከቡ መሃል ቆመ።

ኮከቡ ላይ ስንደርስ በሩ ጋ ሄደ። በሩ አልተከፈተም። ጥርስ የሚቆረጥም ድምፅ ተሰማና ቀይ ጽሑፍ ወጣ። እንደገና ሄደ፤ ቀይ ጽሑፍ። ጋሼ ደምሴ ከፍራሹ ላይ ቀና ብለው ሳቁ። "ያለ ጫማ አይወረድም ማለቱ ነው! ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔም ያን ቀን በሸበጥ ባልወርድ አልሰበርም ነበር።"

ሰይድ አልሳቀም። "አንቺ፣ ሰው አግተሻል" አለኝ። "እንግዳ እንዲህ ይደረጋል? አልብሺው።"

"አላለብሰውም።"

"ታዲያ ታሪኩ እኮ አይሄድም።"

"አይሂድ።"

እውነትም አልሄደም። የጨዋታው ትልቁ ጉድለት ይሄ ነበር፤ ሠሪዎቹ አላሰቡበትም። እንግዳው ካልወረደ ምንም አዲስ ነገር አይመጣም፤ ጨዋታው ግን ደግሞ አያልቅም። ወደ አሮጌዎቹ ኮከቦች እየተመላለስን ሁለት ሳምንት ዞርን። አምስተኛው ሰው በባዶ እግሩ አብሯቸው ይበላል። በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ነገር የለም። ሰይድ ግን እያደር ዝም አለ። አንዳንዴ መቆጣጠሪያውን ለእኔ ትቶ በር ላይ ይቆምና ወደ መንገዱ ያያል። "እዚያው በዚያው እየተሽከረከርን ነው" አለ አንድ ቀን። ስለ መርከቡ የተናገረ መስሎኝ "አዎ" አልኩት፣ ደስ ብሎኝ።

ደላላው የላከው ሰውዬ ሰኞ መጥቶ "ረቡዕ ከምሳ በኋላ ተዘጋጅ" ብሎት ሄደ። እማዬ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። "ነፋሱ እኮ አላለፈም ሰይዶ" አለችው። "አውቃለሁ እትዬ" አላት። ለመንገዱ የገዛው ጥቁር ጫማ ነበረው፤ ሶሉ ወፍራም ነው። አጥቦ ጣራ ላይ አደረቀው።

ረቡዕ ጠዋት ጫማውን ከጣራ አወረድኩ። የሰይድን ስልክ ከትራሱ ሥር ወሰድኩ። ሁለቱንም የጨዋታው ካርቶን ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ በደንብ አውቃለሁ። ሕጉን አይቼዋለሁ፤ ያለ ጫማ በሩ አይከፈትም።

ሰውየው ደጅ ላይ መኪናውን አቁሞ ጥሩንባ ነፋ። ሰይድ ጫማውንም ስልኩንም ፈለገ። እማዬ ፈለገች፤ እያለቀሰችም ቢሆን ፍራሽ ገለበጠች። ጋሼ ደምሴ "ጫማ የጠፋበት ሰው መንገድ አልተፈቀደለትም ማለት ነው። ተው ልጄ፣ ቅር" አሉት። ጥሩንባው ሁለተኛ ተነፋ። ሰይድ ወደ እኔ ዞረ።

"ቲጂ፣ አላየሽም?"

"አላየሁም።"

ካርቶኑን አየ። እኔን አየ። ተነሺ ቢለኝ እነሳ ነበር። አላለኝም። በር ላይ ያለውን የአባዬን ሸበጥ አጠለቀ፤ ጠቦት ተረከዙ ተርፏል። የእማዬን ትከሻ ሳመ፣ የጋሼ ደምሴን ጉልበት ሳመ፣ እኔን ራሴን ዳሰሰኝ።

"ሰውየውን አልብሺው፣ እሺ?" አለኝና ወጣ።

የቤታችን በር ምንም ድምፅ አላሰማም። ተከፈተ፣ ተዘጋ። እኔ ካርቶኑ ላይ ቀረሁ። ያን ጊዜ ተነስቼ ሮጬ ልሰጠው እችል እንደነበር የገባኝ መኪናው መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ ነው።

ጁምዓ መጣ። አባዬ ተኝቷል፣ እማዬ ደጅ ልብስ ታሰጣለች። ካርቶኑ ውስጥ ስልኳ አንድ ጊዜ ጠራችና ዘጋች። ዝም ብዬ አየኋት። ያች ሴት እየጠበቀች ነው። "መልሺላት" የሚለኝ የለም፤ እጄ ግን ለምዶታል። አንድ ጊዜ አስጠራሁና ዘጋሁ።

በእማዬ ቻርጀር ተደብቄ ሞላኋት። በሚቀጥለውም ጁምዓ መለስኩ። በሚቀጥለውም። እማዬ በየቀኑ የራሷን ስልክ እያየች "ዘሀራ ልጄ ጠፋብኝ ብላ እስካሁን እንዴት አልደወለችም? ምን ብዬ ልመልስላት ነው?" ትላለች። ለምን እንዳልደወለች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከሰይድ ወሬ የለም። በአራተኛው ጁምዓ እማዬ ከጎረቤት ሰምታ መጣች፤ አንዲት ጀልባ ተገልብጣለች፣ የማን እንደሆነ አልታወቀም። ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሲመሻሽ የሰይድ ስልክ ጠራች፤ እኔም መለስኩ። አለሁ።

በአምስተኛው ጁምዓ አንድ ጊዜ ጠራች። እጄን ዘረጋሁ። አላቆመችም። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አነሳኋት።

"ማነው?" አለች ሴትዮዋ።

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ ማነሽ?"

"ቲጂ። የአስኔ ልጅ።"

ዶሮ ይሰማል ከኋላዋ። "ሰይድ ማክሰኞ ደወለልኝ" አለች። "የመን ነኝ አለኝ። ስልኬን እነ አስኔ ቤት ረስቼ ወጣሁ አለኝ። ታዲያ ጁምዓ ጁምዓ የሚመልስልኝ ማነው ብዬ ነው የደወልኩት።"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ድሮም እሱ መልሺላት ይለኝ ነበር።"

"ድሮ ልጄ አጠገብሽ ነበራ" አለች። ቁጣ የለበትም ድምፅዋ፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "እሱ ባህር ላይ ሳለ እኔ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ደህና ነው ብዬ ጨፍሬያለሁ።"

ስልኳ ጆሮዬ ላይ ላብ ሆነች።

"እግሩ ክፉኛ ቆስሏል" አለች ቀጥላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር። "ያን ሁሉ ድንጋይ በሸበጥ ነው የሄደው። ጥሩ ጫማ ነበረኝ፣ ኦቦክ ላይ ሌባ ወሰደብኝ አለኝ። የወሰደበትን አላህ እግሩን ያሳጣው።"

"አሜን" አልኩ።

ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሲመኝ አሜን በይ ተብዬ ነው ያደግሁት። እርግማን ላይ ይባል አይባል የነገረኝ የለም። አፌ ቀደመኝ። ሴትዮዋ "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ" ብላ ዘጋች።

ስልኳንና ጫማውን አውጥቼ እማዬ እግር ሥር አስቀመጥኩ። "ደርሷል" አልኳት መጀመሪያ። የቀረውን ከዚያ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጫማውን አነሳች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና በር አጠገብ፣ የእንግዳ ጫማ በሚቀመጥበት አስቀመጠችው። ጋሼ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ብዙ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተም በኋላ፣ ጠዋት ስነሳ ከሁሉ በፊት እግሬን እመለከታለሁ። ጋሼ ደምሴንም አንድ ቀን "ጋሼ፣ እርስዎስ የማንን ጫማ ነው የወሰዱት?" ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ሙቀቱ የመታኝ መስሏቸው ውሃ አስጠጡኝ።

በማግስቱ ትራንስፎርመሩን ሰካሁ። መርከቡ የተውነው ቦታ ቆሟል፤ ሰውየው በካናቴራና በባዶ እግሩ መሃሉ ላይ ነው። ጫማውን አጠለቅኩለት። የወርቁን ልብስ፣ የራስ ቁሩን፣ ሰይፉን። ሌላም ያለውን ሁሉ፣ መድኃኒቱን ሳይቀር ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩለት። ወደ በሩ ሄደ። በሩ ተከፈተ። ዞሮ እጅ ነሳ፤ ያችኑ የማንረዳትን ነገር ተናገረና በበረዶው ላይ እየራቀ ሄደ። ወዲያው ያ ትልቅ ፍጡር መጥቶ በካናቴራ የቀረውን ልጃችንን ጣለው።

እማዬ እጇን እያደራረቀች በር ላይ ቆማ ኖሯል።

"ሄደ?" አለችኝ።

"ሄደ።"

"በጫማ?"

"በጫማ" አልኳት።